የአባቴ ትከሻ

ወንድሜን ምስጋናውን ስልክ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። እጆቹን ማጅራቱ ላይ ቆልፎ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ግራ ትከሻውን ወደ መሬት እየጣለ በጉልበቱ ወርዶ የሚነሳው ልጅ እሱ ነው። «ትከሻ ጣል» ይሉታል። ሕፃን ይሠራዋል፣ ሙሽራ ይሠራዋል፣ አንድ ነጭ ሰውዬ እንኳ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ሲሠራው አይቻለሁ። መቼም የቀረ ሰው የለም።

እኔ እኅቱ ነኝ፤ ሐረገ ወይን እባላለሁ። ያንን ነገር ስልክ ላይ ባየሁት ቁጥር ስልኩን ደፍቼ አስቀምጣለሁ። የማን እንደሆነ አውቃለኋ! የአባታችን ነው።

ታላቅ ወንድማችንን ቢሆነኝን ክረምት ላይ የበሽሎ ወንዝ ወሰደው። ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ያኔ ምስጋናው ገና ልጅ ነበር፤ እናቴ ጉያ ውስጥ ሆኖ ሁሉንም አይቷል። አባታችን ሰማኸኝ ዝምተኛ ገበሬ ነበር፤ በሠርግም በጥምቀትም ትከሻውን ነቅንቆ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን የቢሆነኝ ልብስ ከተዘረጋበት ለቅሶ መካከል ገባና እጆቹን ማጅራቱ ላይ ቆለፈ። ትከሻውን ወደ መሬት ጣለው። ወደቀ ስንል ተነሳ። ደግሞ ጣለው። በእኛ አገር ሰው በለቅሶ ይዘላል፣ ደረቱን ይደቃል፣ ይህ ያለ ነው። እንደሱ ያለቀሰ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። አልቃሿ ካሰች እንኳ ሙሾዋን አቋርጣ አፏን ይዛ ቀረች።

ከዓመታት በኋላ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ የአክስታችን ልጅ ስትዳር ምስጋናው ያንኑ በሠርግ መካከል አደረገው። ምን ነካህ ብዬ ጠይቄዋለሁ። «እግዜርን፣ አስቤው አይደለም። ከበሮው ሲሞቅ ሰውነቴ ራሱ አወጣው» አለኝ። አምነዋለሁ። አሮጊቶቹ ግን እጁን ማጅራቱ ላይ ሲያዩ አማተቡ፤ በሠርግ ቤት እጅ እዚያ አይወጣም፣ የለቅሶ ነው። ወጣቶቹ ምን ገዷቸው፣ ትከሻውን በጣለ ቁጥር «ጣል!» እያሉ አጨበጨቡ። አንዱ ቀረጸው። ሳምንት ሳይሞላ አገር ምድሩ አየው። ከዚያማ ባሕር ዳር አንድ የባህል ምሽት ቤት ጠራው፤ የሳሙና ማስታወቂያም ሠራ።

አባታችን ያየው አርብ ገበያ ነው። ገብስ ልንሸጥ አብረን ሄደን ሳለ ጎረምሶች «አያ ሰማኸኝ፣ ልጅዎን ይዩት እንጂ!» ብለው ስልኩን አስጠጉለት። አየው። «እስቲ ድገሙት» አላቸው። ደገሙለት። ከዚያ የገብሱን ስልቻ መልሶ አህያዋ ላይ ጫነና ሳንሸጥ ተመለስን። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«ለቅሶዬን አስጨፈረበት።»

ከዚያ ወዲህ የምስጋናውን ስም አልጠራም። ወንድሜ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ አባቴ ጠላ ቀድቶ አስተናግዶ ሸኛቸው፣ መልስ ግን አልሰጣቸውም። ምስጋናው ሲደውል ስልኩን ለእናቴ እሰጣለሁ፣ አባቴ ደግሞ በረቱን ሊያይ ይወጣል። እንዲህ እንዳለን ጥቅምት ላይ ታመመና ገብሱ ሳይታጨድ ሞተ።

መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ምስጋናው ቀብሩ ላይ አልደረሰም። የመጣው በሰልስቱ ዕለት ነው፤ ከንፋስ መውጫ ወዲህ በእግሩ፣ ጫማው ተቀዶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ልጅ ከሩቅ ሲደርስ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሳል። አባቱን በሰው ፊት እንደ ልጅ ካለቀሰው፣ ሽማግሌው ሁሉ «ታርቀዋል» ይላል። ካላለቀሰው ግን ኩርፊያው ከአባቴ ጋር ተቀብሮ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያወጣውም። እናቴ ታንጉት ይህን አሳምራ ታውቃለች። የግቢው በር ላይ ተቀብላ አንገቱን አቀፈችና በጆሮው ተናገረች፤ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

«እንደ ልጅ አልቅስለት። ያንን ነገር ግን እንዳታደርግ። በሞቴ!»

«እምዬ፣ ሌላ አላውቅም» አላት።

«ሰው ለገዛ አባቱ ማልቀስ ያቅተዋል?»

«ትከሻዬን ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣው እሱው ነው።»

እናቴ ፊቱን በነጠላዋ ጠረገችለት።

ከስማዳ ሳይቀር ሰው መጥቶ ነበር። ለአባቴ ነው እንዳልል አባቴን አያውቁትም። አንዷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ፣ እንባዋን እየጠረገች፣ «ምስጌ፣ አንዴ ሰልፊ እንነሳ?» አለችው። በጥፊ ልላት ስል አጎቴ አስቻለው እጄን ያዙኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሜዳው ላይ የአባቴ ጋቢና ዱላ አልጋ ላይ ተዘርግተዋል፤ ሰው ዙሪያውን ከቧል። ካሰች ድምጿን ከፍ አድርጋ አወረደችው፦

በሬው ከበረት ነው፣ ሞፈሩም ከደጅ፣
የሚጠምደው የለም፣ ብቻውን ነው ልጅ።

ሰው ሁሉ ወደ ምስጋናው ዞረ። መንገድ ከፈቱለትና ገባ። እጆቹን ጎኑ ላይ አጣብቆ ቆመ። ጉርምርምታ ተነሳ። «ለባዕድ የጨፈረበትን ትከሻ ለአባቱ ነፈገው» አለች አንዷ፣ ድምጿን እንኳ ሳትቀንስ። ደረቱን ሊደቃ ሞከረ፤ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። ወንድሜ፣ እባክህ አንድ ነገር አድርግ፣ ስል በልቤ ለመንኩት።

ዓይኑ ጋቢው ላይ አረፈ። «አባዬ!» ብሎ ጮኸና እጆቹ ወደ ማጅራቱ ወጡ።

ትከሻው ወደ መሬት ሄደ። ያየሁት አባቴን ነው፤ የቢሆነኝ ለቅሶ ዕለት ያየሁትን አባቴን። ያው ጉልበት፣ ያው አንገት። ሽማግሌዎቹ ወዲያው ገባቸው። አጎቴ አስቻለው ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመሩ። ያ ነገር ወደ ባለቤቱ የተመለሰ መሰለኝና ተመስገን አልኩ።

ትከሻው እንደገና ሲወርድ ከኋላ በኩል አንድ ድምፅ «ጣል!» አለ። ተንኮል አልነበረበትም፤ ለምዶበት አምልጦት ነው። ጭብጨባም ተከተለው፣ አንዲት ጭብጨባ። ከዚያ በየኪሱ የነበረው ስልክ ወጣ።

ምስጋናው በጉልበቱ እንደወረደ ቀረ።

እናቴ ተነስታ ወደ አልጋው ሄደች። ለቅሶው ሳይበተን የሟች ልብስ አይነካም፤ እሷ ግን ጋቢውን አነሳችው። የምስጋናውን እጆች ከማጅራቱ አውርዳ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ጠቀለለችውና ጫፍና ጫፉን ደረቱ ላይ ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችው። እጁም ትከሻውም ውስጥ ቀረ።

«አሁን በአፍህ አልቅስ» አለችው።

ወንድሜ አፉን ከፈተ። ሙሾ አያውቅም፣ ግጥም አያውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ የተናገረው በትከሻው ነው። «አባዬ» አለ። «አባዬ፣ እኔ…» ሌላ ቃል አላገኘም። ከዚያ እንባው መጣ፤ ከሆድ የሚወጣው፣ ሰውን የሚያንዘፈዝፈው ለቅሶ። ከጋቢው ስር ትከሻው ይነሳና ይወርድ ጀመር።

ስልኮቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። «ሊሠራው ነው፣ ሊሠራው ነው» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

እናቴም ሰማችው። ሁለት እጆቿን የምስጋናው ትከሻ ላይ አሳርፋ ባላት ጉልበት ወደ ታች ተጫነችው። «ያዘው ልጄ» አለችው። «ያዘው። ኋላ ቤት ታለቅሳለህ።» ምስጋናው ጥርሱን ነከሰ። ከንፈሩ ደማ። እሷ አልለቀቀችውም፣ እያለቀሰች ተጫነችው። ቀስ በቀስ ትከሻው ረጋ፣ እንባውም ቆመ። የሚቀረጽ ነገር ሲጠፋ ስልኮቹ ወደየኪሳቸው ተመለሱ።

ሰው ሲበተን ሦስታችን ቤት ገባን። እናቴ በሩን ዘጋች፣ መስኮቱንም ዘጋች። የጋቢውን ቋጠሮ ፈታችለት።

«በል አሁን፣ የኔ ጌታ። ማንም አያይህም፤ አልቅስለት።»

ምስጋናው ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጋቢውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። እኛም ጠበቅን።

«ሄደ እኮ እምዬ» አላት። «እንባው አልመጣ አለኝ።»