ለሞገስ ፒካፕ የተገኘው ወንበር

አብዱልሐሊም ወንበሩን ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አውርዶ፣ ተሸክሞት ለቅሶ ቤቱ ግቢ ሲገባ፣ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ወሬ ቀጥ አለ።

«ሶብሩን ይስጥዎ፣ እትዬ ሂሩት» አለ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ። አብዱልሐሊም የወልድያ መካኒክ ነው። «የሞገስን መሞት የሰማሁት እዚሁ መርሳ ስወርድ ነው። ይህን ላስረክበው ነበር የመጣሁት።»

«የምን ወንበር ነው?» አለች የሟች ሚስት ሂሩት።

«የፒካፑ ነዋ! አሮጌ ስለሆነች ልኳ ጠፍቶ ስንት ለፋን። አንዱ ይሰፋታል፤ ሌላው የብሎን ቀዳዳው አይገጥምም። ይሄ ግን ልኳ ነው።»

ሂሩት አጥሩ ሥር ወደ ቆመው ፒካፕ ዞረች።

ሞገስ በፒካፑ ግራና ከምትባለው መንደር ሽንኩርት ያመላልስ ነበር። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ መንገድ ዳር ከደረሰች ግን ሽንኩርቱን እዚያው አራግፎ ወደ ወልድያ ሆስፒታል ይበራል። የጋቢናው ወንበር ደም ጠጥቷል፤ ስፖንጁ ተቦጫጭቋል። ቢታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ቢውል እድፉ አልለቅ አለ።

ልጃቸው ብሌን ስትዳር ሞገስ «ሙሽራዋን እኔ በፒካፔ እወስዳታለሁ» ቢል፣ ሂሩት ጮኸችበት። «በዚያ ወንበር? ሰው ምን ይለኛል? ለዚያን ቀን እንኳ ከዓይን አርቅልኝ!»

አልተከራከራትም። መኪናውን ከገበያው ጀርባ አቁሞ፣ የልጁን ሰርግ እያጨበጨበ በእግሩ አጀበ።

አሁን ድንኳኑ ውስጥ፣ ከግራና የመጣችው አሲያ ልጇን እንዳቀፈች ጠጋ አለች።

«ይቺን የወለድኳት እዚያ ወንበር ላይ ነው፣ መርሳ ሳንደርስ። ጋቢውን አልብሶኝ ፊቱን አዞረ። ‹ጋሼ፣ ወንበርዎን አበላሸሁት› ብለው፣ ‹ወንበር ይታጠባል፣ አንቺ ብቻ በርቺ› አለኝ።»

«እውነትም ሰው ነበር!» አሉ ሴቶቹ።

አብዱልሐሊም ራሱን ነቀነቀ። «‹የብሌንን ታናሽ ስድር እኔ ነኝ በፒካፑ የምወስዳት፤ ሂሩትም ሳታፍር ከጎኔ ትቀመጣለች› ይለኝ ነበር።»

ሂሩት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሴቶቹ ያለቀሰች መስሏቸው «አይዞሽ» አሏት። እሷ ግን የምትገባበት ነበር የጠፋት። ስለ ወንበሩ የጮኸችውን ከእሷ ሌላ የሰሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ተቀብሯል፣ ሌላዋ ብሌን አጠገቧ መሬት መሬት ታያለች።

«ታዲያ ልግጠመው ወይስ ይቆይ?» አለ አብዱልሐሊም ቀስ ብሎ።

ሂሩት ከፍራሹ ተነሣች። ሴቶቹ ሊይዟት ቢሞክሩ በእጇ መለሰቻቸው። አጥሩ ሥር ወደ ቆመው ፒካፕ ሄዳ የጋቢናውን በር በተሳፋሪው በኩል ከፈተች፤ ገብታም አሮጌው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ ሂሩት፣ ነጠላዎ ይቆሽሻል!» አለች አሲያ።

እንዳልሰማች ሆነች። ከስፖንጁ የወጣው ሽቦ ጎኗን ወጋት፤ አልተንቀሳቀሰችም። ጎንበስ አለችና፣ ሞገስ ሊገባ የመጣ ይመስል፣ የሹፌሩን በር ከውስጥ ከፍታ ወደ ውጭ ገፋችው።