አምስተኛው መውጫ

የትያትር ቤቱ ሰዎች «ጆሮ» ይሏታል። የድምፅ ባለሙያ ናት፤ ከአዳራሹ ኋላ ካለችው ጠባብ ክፍሏ ሆና መድረክ ላይ የምትወድቅ መርፌ እንኳ አታመልጣትም ነው የሚሉት። አባቷ በዚያው መድረክ ላይ ጥርሳቸውን የነቀሉ ተዋናይ ነበሩ። መስማት እየተሳናቸው ሲሄድ ተራቸው መድረሱን ማወቅ አቃታቸውና ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ደጃፉን ረግጠውት አያውቁም። ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስ ለማየት ብለው ታክሲ እንደማይሳፈሩ ለለመናቸው ሁሉ ይናገራሉ።

አዲሱ ዲጂታል ሚክሰር፣ የድምፅ ማቀላቀያው፣ ሲመጣ ጆሮ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለላት። ድሮ ድምፅን ወደ አንድ ቦታ ለመላክ ከሚክሰሩ ጀርባ ተንበርክኮ ሽቦ መንቀልና መሰካት ነበር። አሁን የትኛው ማይክ በየትኛው መውጫ እንደሚወጣ የምትወስነው ስክሪኑን በጣቷ ነክታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መውጫዎች ለአዳራሹ ስፒከሮች፣ ሦስተኛው ለመድረኩ፣ አራተኛው ለራሷ ማዳመጫ ተመድበዋል። አምስተኛው ግን ሥራ ፈት ነበር። ሙዚቃውን ትታ የተዋንያኑን ድምፅ ብቻ ጎላ አድርጋ ብትልክበት፣ አባቷ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው በማዳመጫ ሊሰሙ ይችላሉ።

ሽማግሌውን ማሳመን ከሽቦው ባሰ። ካልሰሙ ተነሥተው እንደሚሄዱ አስጠንቅቀው፣ ኮታቸውን ደርበው፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጡ።

በዚያ ቀን ጆሮ ጊዜ አጠራት። አምስተኛውን ከባዶ ከማዘጋጀት ብላ የራሷን የማዳመጫ ቅልቅል እንዳለ ገለበጠችበት። በእሷ ቅልቅል ውስጥ ግን ከመጋረጃው ጀርባ የተሰቀለች ማይክም አለች፤ የመድረክ መሪው ሲጠራት የምትሰማው በዚያች ነው። ልታወጣት ስትል የአንዱ ተዋናይ ማይክ ባትሪ ጨረሰ ተባለና ሮጠች። በዚያው ረሳችው።

ትያትሩ ተጀመረ። አባቷ ማዳመጫውን አድርገው ጸጥ ብለው ይከታተላሉ። ባልየው ሞቶ፣ ሚስቲቱ አስከሬኑ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ፣ ተመልካቹ መሐረብ ማውጣት ጀመረ። ሽማግሌው በሳቅ ፈረሱ። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት በግልምጫ አነሣቻቸው።

ጆሮ ክው አለች። የራሷን ማዳመጫ ስታጠልቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ዳኛውን የሚጫወተው ተዋናይ በሹክሹክታ ካባዬ የት ገባ ይላል።

«ሟቹ ተከፍኖበታል» አለ የመድረክ መሪው።

«ታዲያ እኔ ምን ለብሼ ልፍረድ?»

«እስኪቀበር ታገሥ።»

ጆሮ ጥፋቷ ገባትና ያችን ማይክ ከአምስተኛው ላይ አጠፋቻት። አባቷ ወዲያው ዞር ብለው ማዳመጫውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉላት። ድምፁን ጨመረችላቸው። አሁንም መታ መታ አደረጉ። ግራ ገብቷት የመጋረጃውን ጀርባ ብትመልስላቸው፣ ፊታቸው ፈካ፤ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ፊታቸውን ወደ መድረኩ አዞሩ።

ሲያልቅ እጃቸውን ይዛ ይቅርታ ልትጠይቅ ጀመረች።

«ተይ እባክሽ» አሏት። «ትያትሩንማ በቃሌ አውቀዋለሁ። ስንቴ ሞቼ ተለቅሶልኛል። የናፈቀኝ የጓዳው ወሬ ነው። እቤት ተቀምጬ ጓደኞቼን ሳስብ፣ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።»

ጆሮ ያችን ማይክ አምስተኛው ላይ ልትተዋት ወሰነች። ሆኖም ሰዎችን ሳያውቁ ማዳመጥ ነውር ስለሆነ፣ ለመድረክ መሪው ሁሉንም ነገረችው። ሰውዬው ላብ አጠመቀው፤ መጀመሪያ የጠየቀው እርስ በርስ የሚወራወሩትን ስድብም ሰምተው እንደሆነ ነው። ሰምተዋል፣ እንዲያውም በእሳቸው ጊዜ ከነበረው ይልቅ ለዘብ ያለ ነው ብለዋል አለችው። ተዋንያኑ ሲነገራቸው በሳቅ ተንከተከቱ፤ አንድም የተቃወመ የለም።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ቅዳሜን አያስታጉሉም። መጋረጃው ሳይገለጥ፣ ተዋንያኑ በተራ ወደዚያች ማይክ ጠጋ እያሉ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ለእያንዳንዱ ከወንበራቸው ብድግ እያሉ እጅ ይነሣሉ፤ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ተመልካችም ዞር ሲል ለእሱ መስሎት፣ በአክብሮት አጸፋውን ይመልሳል።