የማጠቢያው ውሃ

“አትውጋው!”

የክሊኒኩ ላቦራቶሪ ባለሙያ እናትዓለም ከላቦራቶሪው ሮጣ ወጣች። ዶክተር ኪሩቤል መርፌውን እንደያዘ በትንሹ ኡበይዳ አልጋ ላይ እንዳጎነበሰ ቀረ። የልጁ አንገት እንደ እንጨት ደርቋል። እናቱ ነፊሳ እጁን ጨብጣለች።

“በናሙናው ያየሁት ቀይ ዘንግ መሳይ ባክቴሪያ ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?” አላት ኪሩቤል።

“ብያለሁ። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።”

“ጆሮውን ሊጎዳ ይችላል ያላችሁኝ መርፌ ይሄ ነው?” አለች ነፊሳ። እናትዓለም ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰች።

ኪሩቤል ተከትሏት ገብቶ በሩን ዘጋ። “የጠዋቱ መርፌ ለቀዩ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። እየዘገየን ነው፤ ገብቶሻል?”

“ከአንተ በፊት ገብቶኛል! ከልጁ ቀጥሎ ከጢስ ዓባይ የመጣችውን ሴትዮ የቁስል ናሙና አየሁ። ያው ቀይ ዘንግ። አንዷ እግሯን ታማ፣ አንዱ አንገቱን ታሞ፣ ያው ዘንግ!”

ከጥግ የቆመውን ቢጫ ጄሪካን አመለከተችው። የክሊኒኩ ቧንቧ ሰሞኑን የሚተፋው አየር ብቻ ነው። ጣና በመስኮቱ ወለል ብሎ ይታያል፤ ከተማው ግን ውሃ በጄሪካን ይለምናል፤ ለዚህም የሚያፍር ባለሥልጣን የለም። እናትዓለም የናሙና መስታወቶቹን፣ ስላይዶቹን፣ ያጠበችው ከሐይቁ በተቀዳ ውሃ ነበር።

“የማንም ናሙና ያልነካው መስታወት ቀለም ቀብቼ በዚሁ ውሃ አጠብሁት። እየው።”

ኪሩቤል አጎንብሶ በማይክሮስኮፑ አየ። ቀይ ዘንግ ሞልቶታል።

በቱቦው የቀረችው የልጁ የአከርካሪ ፈሳሽ አንድ ጠብታ ናት። እናትዓለም አዲስ መስታወት ላይ አድርጋ አደረቀቻት። ሐምራዊውን ቀለም አፈሰሰች፤ አዮዲን ጨመረች፤ በአልኮል አለፈችበት፤ መጨረሻ ላይ ቀዩን ደረበች። በየመሀሉ ያጠበችው ለመርፌ በተዘጋጀ ንጹሕ ውሃ ነው። ግድግዳው ወፍራም የሆነ ባክቴሪያ አልኮሉን ተቋቁሞ ሐምራዊ እንደሆነ ይቀራል፤ ግድግዳው ስስ የሆነው ግን ሐምራዊውን ይለቅና ቀዩን ይለብሳል።

“ምንም ባይታይስ? ቫይረስ ነው እንበል?”

“እንዳትሞክረው! ቫይረስ በፕሮቲን የተጠቀለለ ዘረ መል እንጂ ቀለም የሚይዝ ግድግዳ የለውም። በዚህ ማይክሮስኮፕም አይታይም። ምንም አላየንም ማለት ቫይረስ ነው ማለት አይ—”

“አውቃለሁ፤ አታስተምሪኝ! እዪ!”

አየች። ሐምራዊ፤ ክብ፤ ጥንድ ጥንድ። ቀይ ዘንግ የሚባል የለም። የመጀመሪያውን ስላይድ መልሳ አስገባች። ሐምራዊዎቹ እዚያም ነበሩ፤ በቀዩ መሀል ተውጠው። ቀዩን ስታይ ሌላ መፈለግ ትታ ነበር።

ኪሩቤልም አይቶ በረጅሙ ተነፈሰ። “ለዚህ ሐምራዊው የጠዋቱ መርፌ ይበቃል፤ እሱን እቀጥልለታለሁ። ይሄ ጆሮ የሚጎዳው ይቅር።” መርፌውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “የሴትዮዋንም ውጤት ታርሚያለሽ። የፊተኛውን ስላይድ ግን በረኪናው ውስጥ ጣዪው። ለእናትየው ለማረጋገጥ ደገምነው እላታለሁ። ውሸት አይደለም።”

“እውነትም አይደለም።”

በሩ ተንኳኳ። ነፊሳ ናት። “እህቴ፣ መርፌውን ለምን አስቆምሽው? ልጄ ላይ ምን አገኛችሁ?”

ኪሩቤል አፉን ከፈተ። እናትዓለም የበረኪናውን ባልዲ በእግሯ ገፋችና ወንበሩን ወደ ማይክሮስኮፑ አስጠጋች።

“ግቢ እህቴ፤ ተቀመጪ። መጀመሪያ ስሕተቴን ላሳይሽ።”