የዳቡስ አዞ ሲሞቀው

ዳቡስ ወንዝ ዳር፣ ገና ሲነጋጋ፣ ሱለይማን አዞ ጀርባ ላይ ፊጥ ብሎ ያፏጫል። አዞው ሌሊት ወጥመድ ገብቶ፣ እሱና ጓደኛው ኢዘዲን በገመድ ጎትተው አሸዋው ላይ ያወጡት ነው። አፉን ከጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጠፍረውታል። ግንድ በለው፤ ንቅንቅ የለም።

«ውረድ አንተ!» አለችው ኡርጂ። ከነቀምት የመጣች የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት፤ የአዞ ደም እየቀዳች ሆርሞን ትለካለች። «ፈዞ ነው እንጂ አልሞተም። ያሰረልን ብርዱ ነው። አሁን ደግሞ የስሪያ ወራቸው ነው፤ የወንዱ ሆርሞን ጣራ ነክቷል። ይሄ ወራቸውን የሚቆጥር ሰዓት ሰው ምድር ላይ ሳይኖር ጀምሮ ደማቸው ውስጥ አለ። ከሞቀው ያገኘውን ነው የሚነክስ።»

«እንደ ኢዘዲን በይኛ! እሱም ካገባ ወዲህ በብርድ አይነሳም» አለ ሱለይማን ዘሎ እየወረደ።

«ወላሂ ሚስቴን ከአዞ ጋር አታንሳ!» አለ ኢዘዲን እየተንቀጠቀጠ።

ኡርጂ መርፌዋን ልታመጣ ወደ መኪናው ወጣች። መኪናው ሩቅ ነው። ኢዘዲን ብርዱ ሲብስበት ሱለይማን ደረቅ ሸምበቆ ሰብስቦ እሳት አነደደ። የት? አዞው ጎን!

«እንግዳችንም ይሙቅ እንጂ።»

እጃቸውን ዘርግተው ሲሳሳቁ ፀሐይዋም ወጣች። እነሱ ሲሞቃቸው እሱም ሞቀው።

ላስቲኩ ጧ! ብሎ ተበጠሰ። የኢዘዲን ቀኝ ክንድ እስከ ክርኑ አፉ ውስጥ ገባ። አጥንቱ እንደ ሸንኮራ ተንኮሻኮሸ። አዞው ተሽከረከረ፣ ኢዘዲንም አብሮት ዞረ፣ አሸዋው ቀላ። ሱለይማን በገጀራ የአዞውን አናት ቢለው ድንጋይ የመታ ይመስል ነጠረበት። አንድ ዓይኑን አፈሰሰው። አልለቀቀም። ኢዘዲንን ወደ ውሃው እየጎተተ ደረቱ ድረስ ከተተው። ከዚያ ወዲያ ጥልቅ ነው።

«እጁን ቁረጠው!» ጮኸች ኡርጂ፣ ቁልቁል እየሮጠች። «ይዞት ይሰምጣል!»

«አትቁረጥ!» አለ ኢዘዲን። «በቀኜ ነው የምሠራው! ሱሌ፣ አትቁረጥ!»

ሱለይማን ጥርሱን ነክሶ ገጀራውን የኢዘዲን ክርን ላይ አሳረፈው። አንዴ አልበቃም። እንደገና። እንደገና። ክንዱ ተለየ፤ አዞው ይዞት ሰመጠ።

ዳር አወጡት። ኡርጂ የተረፈውን ክንዱን በሻርፗ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ኢዘዲን ዓይኑ ተገለበጠ፣ ራሱን ሳተ።

«አንተ ውሻ፣ ስደበኝ!» ሱለይማን ላዩ ላይ ተደፋ። «ወላሂ፣ ስደበኝ!»

ኢዘዲን ዓይኑን ገለጠ። በግራ እጁ አፉን በቡጢ አለው። የሱለይማን ከንፈር ተሰነጠቀ፣ ደሙ በአገጩ ወረደ።

«ድገመኝ» አለው ሱለይማን እያለቀሰ። «እስቲ ድገመኝ አቦ!»