ለሚኒስትሯ የተከፈተችው ወፍ

ሰው ሁሉ ለጤናና ለሰላም ሲጸልይ፣ ባሌ አቃሉክ ቆሻሻ ለበላች ወፍ ይጸልያል። ሥራው የባሕር ወፍ ጨጓራ እየቀደደ ፕላስቲክ መልቀም ነው። ማቀዝቀዣችን ውስጥ ከአይስክሬሙ ጎን የተደረደረው ጨጓራ ብቻ ነው፤ እንግዳ መጥቶ ከኔ ቀድሞ ከከፈተው ጉድ ነው። ወፏን ቃቁሉክ እንላታለን። ውኃ ላይ የተንሳፈፈውን ሁሉ ምግብ መስሏት የምትውጥ ሆዳም ናት። እኛ ደግሞ እሷን እንበላለን።

የባሌ አባት ሐንሴራክ ቃቁሉክ እያደነ ከተማ ወስዶ ይሸጣል። አባት የሚሸጠውን ልጅ ሲያጣጥል ቤታችን ውስጥ ምን ዓይነት ሰላም እንዳለ ገምቱት።

«አያትህ ይህችን ወፍ እየበላ ነው ነጭ ድብ የጣለው። አንተ ምን ጣልክ?»

«አባዬ፣ በአያቴ ጊዜ ፕላስቲክ አልነበረማ!»

«አንተም አልነበርክም። ሰላም ነበር።»

እናቱ ቦሌቴ ደግሞ ጭራሽ አትሰማውም። ወንዶቹ የወፏን ሆድ ዕቃ ባሕሩ ዳር ዘርግፈው ነው የሚያመጡላት፤ ጨጓራ ውስጥ ምን እንዳለ አንድ ቀን አይታ አታውቅም። እኔ ነፍሰ ጡር ከሆንኩ ወዲህማ ጭልፋ ይዛ ታሳድደኛለች። «ብዪ እንጂ አንቺ ልጅ! ለልጁ አጥንት ነው!» ትለኛለች። ባል አትብዪ፣ አማት ብዪ፤ እኔ መሐል ላይ ነኝ።

ታዲያ የባሌ ጥናት ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን የምትወስነው ሚኒስትር ከዋና ከተማው ከኑክ ልትመጣ ሆነ። «በሳህን የተለቀመ ፕላስቲክ አታሳዩኝ፤ እፊቴ ወፍ ክፈቱልኝ» ብላ አስቀድማ ላከች። ጉም ሳይወርድ ሄሊኮፕተሯ መነሳት ስላለበት ጊዜ ያላት ለአንዲት ወፍ ብቻ ነው። በአንዲት ወፍ የሚደመድም ተማሪ ቢያገኝ አቃሉክ ያብዳል፤ ለሚኒስትር ግን አንዲት ትበቃለች። ከታደኑት ወፎች መርጦ መርጦ፣ ሆዷን ሲዳብሳት የምትንኮሻኮሽ አንዲት ወፍራም አገኘ። «ይቺ ጉደኛ ናት!» እያለ ሊስማት ምንም አልቀረው። ከዚያ፣ ቤታችን ቦታ ስለሌለ፣ ወስዶ እናትና አባቱ ጓዳ አስቀመጣት። የተማረ ሰው እንዲህ ነው።

በማግስቱ መንደሩ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ሚኒስትሯ ለጉዞው የተገዛ፣ አቆስጣ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ የተሠራ አዲስ ጫማ አድርጋ ፊት ተቀምጣለች። ባሌ ስለ ባሕሩ ጥቂት ተናገረና የወፏን ላባ ገለጥ አደረገ። እጁም እዚያው ቀረ።

አጠገቡ ትሪ ይዤ ስለቆምኩ እኔም አየሁት። ሆዷ ላይ ስፌት ነበር፤ ደቃቅ፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ስፌት። እንዲህ የምትሰፋ ሴት በመንደራችን አንዲት ናት። አቃሉክ እሷ በሰፋችለት ጫማ ነው ያደገው፤ ባሕር ውስጥ ቢቆሙበት ጠብታ አያስገባም። ቀና ብሎ እናቱን አያት። እናቱ መስኮቱን ታያለች። አባቱ ከጎኗ እንደ ሙሽራ አባት ኮርቶ ተቀምጧል።

«ችግር አለ?» አለች ሚኒስትሯ።

«ይቺ ወፍ ታጥባ ተሰፍታለች» ቢል ጥናቱ ይድናል። እናቱ ግን ከዚያ በኋላ በዚህ መንደር አንገቷን ቀና አድርጋ አትሄድም። እኔ በልቤ «በል! ተናገር!» እል ነበር። አማት ያላት ሴት ትረዳኛለች።

«የለም» አለ። ቢላዋውን ልክ በስፌቱ ላይ አሳርፎ፣ ማንም ስፌቱን ሳያይ ቀደደው። ጨጓራው እንደታጠበ ብርጭቆ ያበራል። ፕላስቲኩ ይቅር፣ የዓሣ አጥንት እንኳ የለበትም። ወፏ ጾም ላይ ነበረች ማለት ነው።

«እንኳን ደስ አላችሁ!» ብላ ሚኒስትሯ ብድግ አለች። «ባሕራችን ንጹሕ ነው! እንግዲህ ጥናቱ ሥራውን ጨርሷል።» አዳራሹ አጨበጨበ፤ ከሁሉም በላይ ሐንሴራክ። ባሌ በገዛ ቢላዋው ራሱን ከሥራ አባረረ። አሳዘነኝም፣ አናደደኝም።

ለሁለተኛ ወፍ ጊዜ የሌላት ሚኒስትር ለምሳ ግን ጊዜ አላጣችም፤ ምሳው አማቶቼ ቤት ሆነ፤ የቃቁሉክ ሾርባ፣ ከሩዝና ከሽንኩርት ጋር። አማቴ ለሚኒስትሯ ጨለፈች፤ ለባሏ ጨለፈች። እኔ ጋ ስትደርስ ጭልፋውን መለሰችና የተቀቀለ ዓሣ አስቀመጠችልኝ።

ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። «ለኔስ ሾርባ የለም እንዴ?» አልኳት። «ለልጁ አጥንት ነው ሲሉኝ አልነበር?»

ጎንበስ አለችብኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ዝም ብለሽ ዓሣሽን ብዪ» አለች በሹክሹክታ። «ከሆዷ ያወጣሁትን አይቻለሁ።»

አቃሉክ ሰማት። ያን ሁሉ ዓመት ሲለፈልፍ ኖሮ፣ የመጀመሪያዋን አማኝ ያገኘው ሥራው በተዘጋበት ቀን ነው። እሷ ግን ቀና ብላም አላየችውም፤ ሳህኑን ከፊቱ አንስታ ለሱም ዓሣ አመጣችለት።

«ኧረ ይሄ ሾርባ ግሩም ነው!» አለች ሚኒስትሯ። «ትንሽ ይጨመርልኝ እስቲ።»

አማቴ ሳህኗን ተቀብላ እስከ አፉ ሞላችላት።