ያልዘለለው ሸክላ

ፀጉር ሠሪዋ ሰው ቶሎ አታምንም። ሥራዋ ነው ያስተማራት፤ ወንበሯ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ «ቀለም ነክቶኝ አያውቅም» ይላል፣ የፀጉሩ ሥር ሌላ ይናገራል። የታናሽ እህቷን ባልማ ገና ከሠርጉ ቀን ጀምሮ በዓይነ ቁራኛ ነው የያዘችው። ሰውየው የድሮ የገና ዘፈን ሸክላ ይሰበስባል። ሸክላ ባየ ቁጥር እፍ ይልበታል፤ ቤተሰቡም እፍዬ አለው።

ይሄ እፍዬ ነው እንግዲህ የሟች አባቷን ሸክላ «አጥቤ ላምጣልዎት፣ እትዬ» ብሎ የወሰደው።

ሸክላው በገና ጠዋት ይሰማል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዘፋኝ ሕፃናቱ በኅብረት ሲገቡ መርፌው ይዘላል፣ አባትየው «ሆፕ» ይሉ ነበር። ልጆቻቸውም እዚያች ቦታ ሲደርሱ «ሆፕ» እያሉ አደጉ። የተዘለለችውን ስንኝ ከቤቱ ሰው አንድም የሚያውቃት የለም።

እፍዬ ለገና ጥቂት ቀን ሲቀር መለሰላት። ጠረጴዛ እየወለወለች ልትሞክረው ከፈተችው። ሕፃናቱ ገቡ።

«ሆፕ» አለች።

ሸክላው አልዘለለም። ሰምታው የማታውቀው ነገር ቀጠለ፤ ስለ በረዶና ደከማት ስለተባለች አንዲት አህያ። መወልወያውን እንደያዘች ቆመች።

«ለውጦታል።»

ሽፋኑን አገላበጠች። ጥጉ የተቀደደው የአባቷ ሽፋን ነው። ሽፋኑን መተውማ ብልጠት ነው። ሸክላውን አሸተተችው፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሌባም እጁን ይታጠባል። ደግሞ ሲወስደው «እንዲህ ያለው አሁን አይገኝም» ብሎ ነበር፣ ድመት ሥጋ እንደምታይ እያየው።

እህቷ ጋ ደወለች።

«ባልሽ የአባባን ሸክላ ለውጦታል።»

«ምን አድርጎ?»

«አይዘልም።»

«ሳይዘል መጫወቱ ነው ጥፋቱ?»

«የኛ ይዘላል። እሱን ሳይመልስ ለገና እኔ ቤት እንዳትመጡ።»

ዘጋችባት። ግን አላስቻላትም፤ ሸክላውን በብብቷ ይዛ ሄደች።

እነ እህቷ ቤት ሸክላ ያልወረሰው ወንበር የለም። በሩን የከፈተውን እፍዬን ገፍታ አለፈችና መደርደሪያውን በጣቷ መፈተሽ ጀመረች። ብዙም አልሄደች፣ ያንኑ ሽፋን መዘዘች። ጥጉ ግን አልተቀደደም።

«ይሄስ?»

«የኔ ነው፣ እትዬ። ድሮ የገዛሁት።»

«አጫውተው።»

አጫወተው። ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ይንቻቻል። ሕፃናቱ ገቡ፤ አህያዋም መጣች። ይሄም አልዘለለም። እንግዲያው የኛን ሸጦታል፣ አለች በልቧ።

«ለማን ሰጠኸው?»

«ምኑን?»

«የሚዘለውን።»

እፍዬ ራሱን አከከ። «ሰም ነበር እኮ። ጭረት መስሏችሁ ነው እንጂ ሻማ ጠብ ብሎበት ነው። በእንጨት ስንጥር ቀስ ብዬ አነሳሁት። ደስ ይልዎታል ብዬ።»

«ሰም።»

«እስኪ ይስጡኝ።» ያመጣችውን ሸክላ ጠርዙን በመዳፉ ይዞ ወደ መስኮቱ አዘነበለው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጥፍር የምታክል የደበዘዘች ክብ ታየች። «ሰሙ የተኛበት ነው። ይቺ አትለቅም።»

ነጠቀችው። ራሷ አዘነበለችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ እንደገና አዘነበለችው። አባቷ በገና በገና ሻማቸውን ማጫወቻው ጠርዝ ላይ ያቆሙ ነበር። እናቷ «ታቃጥለናለህ» እያለች ታነሳዋለች፣ እሳቸው መልሰው ያስቀምጡታል። የአባቷ ሸክላ ነው።

«ንካው ማን አለህ ታዲያ?» አለችው።

«አሁን እኮ አይዘልም።»

«እሱን ነው የምልህ።»

እህቷ ከማድቤት ብቅ አለች። «ለገና እንመጣለን ወይስ አንመጣም?»

«ኑ። እሱ ግን ዕቃ አይነካም።»

የገና ጠዋት እፍዬ እጁን ጭኖቹ መሃል አድርጎ ተቀመጠ። ሦስተኛው ዘፈን መጣ፤ ሕፃናቱ ገቡ። ፀጉር ሠሪዋ ብድግ ብላ መርፌውን በጣቷ አነሳች።

«ሆፕ።»

ወዲያ አሳልፋ ጣለችው። ማጫወቻው ጯ አለ፣ መርፌው የዘፈኑ መጨረሻ አካባቢ አረፈ። እፍዬ ዓይኑን ጨፈነ።

«በአባባ ጊዜ ይህን ያህል አይዘልም ነበር» አለች እህቷ እየሳቀች።

«እትዬ፣ መርፌው...» ብሎ ጀመረ እፍዬ።

«ዝም በል» አለችው፣ መርፌውን ወደ ኋላ እየመለሰች። «እንደገና።»