ከጎን የገባ እጅ

እማማ ይለኛል! ወላሂ፣ ገና ከበሩ ስገባ ነው ደሜን ያፈላው። ጉርድ ሾላ ያለው ፎቶ ቤት ውስጥ ጆሮው ላይ ኢርፎን የወተፈ ወጣት (ቅዱስ ይባላል፣ ስሙን ኋላ ነው ያወቅኩት) ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ ሳይል «እማማ፣ ይቀመጡ» አለኝ። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው እንጂ ገና አልሞላኝም። «ሀፊዛ በለኝ፤ እማማህ ቤትህ ናት» ብዬ ፎቶዬን ከነፍሬሙ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ፎቶው የራሴ ነው፤ ገና መቀመጥ ያልቻልኩ ሕፃን ሆኜ፣ በኢድ ቀን የተነሳሁት። አያት ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ከላይ ያሉት ሰዎች መታጠቢያ ቤት በግድግዳዬ ያፈሳል። ውሃው ሳላየው ፍሬሙ ውስጥ ገብቶ ፎቶውን ከመስታወቱ ጋር አጣበቀው፤ ግማሽ ፊቴ ሻገተ። ስንት ጊዜ ወጥቼ አንኳኳሁ፣ የሚከፍት የለም። ማን እንደሆኑ አላውቅም። እኔንም በዚያ ሕንፃ የሚያውቀኝ የለም።

ቅዱስ አገላብጦ አየው። «ከመስታወቱ ስናላቅቀው መበጣጠሱ አይቀርም። መጀመሪያ ከነመስታወቱ ስካን አደርገዋለሁ፣ ከዚያ በፎቶሾፕ አዲስ ይሆናል። ኖ ፕሮብሌም።»

«እንደነበረው አድርግልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

«ኧረ ከነበረው በላይ ነው የማደርግልዎት!» አለ።

በቀጠሮዬ ፎቶውን ልወስድ ስመለስ መንገዱ ለባቡሩ ተቆፋፍሮ፣ ከአያት ጉርድ ሾላ መድረስ ራሱ ጉድ ነበር። አቧራ ለብሼ ገባሁ። ቅዱስ ፎቶውን በኩራት ሰጠኝ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ፊቴ ሞልቷል፣ ሻጋታው የለም፣ ከኋላዬ ሰማያዊ መጋረጃ ሁሉ ገብቶልኛል። ዓይኔ ግን ወደ ጎን ሄደ። የለም።

«እጁስ?»

«የቱ እጅ?»

«እዚህ ጋ! ወገቤን ይዞኝ የነበረው!»

«እ፣ እሱማ ከጎን የሆነ እጅ ገብቶበት ነበር፤ አጠፋሁልዎት» አለ፣ ምስጋና እየጠበቀ። «የሕፃን ፎቶ ላይ ሁሌ የሰው እጅ ይገባል። ደንበኛ ሁሉ አጥፋልኝ ነው የሚለው።»

ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ።

ያን ጊዜ መቀመጥ ያልቻለ ሕፃን ፎቶ ሲነሳ ወንበር ላይ ያስደግፉትና እናትየው ከጎን ዝቅ ብላ ትይዘዋለች፤ እሷ ከፎቶው ውጭ፣ እጇ ብቻ ውስጥ። የእናቴ እጅ ነው ያጠፋው። እናቴ ከዚያ ኢድ በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ እኔ ድክ ድክ ሳልል ሞተች። ሌላ ፎቶ የላትም። ያሳደገችኝ እህቷ፣ አክስቴ ዘሙሩድ፣ አላህ ይዘንላትና፣ እያለቀስኩ አልተኛም ስላት ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ «ይኸው፣ ይዛሽ የለ?» ትለኝ ነበር። የእናቴን ፊት አላውቅም። ድምጿን አላውቅም። የማውቀው ጫፋቸው በሂና የጠቆረ አራት ጣቶች ነው። እናት ሲባል የሚመጣልኝ እሱ ነው።

«መልሰው!» ብዬ ጮህኩ። «አሁኑኑ መልሰው!»

ኮምፒውተሩን አተራመሰው። ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ። «በመጀመሪያው ላይ ነው ሴቭ ያደረግኩት» አለኝ። «የድሮው የለም።» ዋናው ፎቶስ? እሱን ከመስታወቱ ሲያላቅቀው እንዳለውም ተበጣጥሷል። በፖስታ ያስቀመጠውን ቁርጥራጭ ዘረገፈልኝ። እጇ የነበረበት ቦታ ነጭ ወረቀት ሆኗል፤ ቀለሙ መስታወቱ ላይ ቀርቶ፣ መስታወቱም ተጥሏል።

የሰደብኩትን ስድብ አልደግመውም፣ አስተግፊሩላህ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ሲደክመኝ ጠብቆ «ሌላ እጅ ላስገባልዎት እችላለሁ፤ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል» አለ።

«የማንን እናት እጅ ነው የምታስገባልኝ? ጤነኛ ነህ አንተ?»

«እሺ፣ የዘመድ ይሁን። እጅ በዘር ይመሳሰላል። እህት የለዎትም?»

«የለኝም።»

«ልጅስ? የአክስት ልጅ?»

«የለኝም አልኩህ እኮ!»

አክስቴ አልወለደችም። እኔም አልወለድኩም፤ ባሌም በዚሁ ሰበብ ሌላ አግብቷል። ይኼን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ጮክ ብዬ ለሰው ስናገረው ግን ደነገጥኩ። ከእናቴ ሥጋ በዚህች ምድር የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቀና ስል ቅዱስ እጄን እያየ ነበር።

ሂና ገዝቼ ቤቴ ገባሁ። ሂና መቼም ለብቻ የሚቀቡት ነገር አይደለም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እየተሳሳቀ፣ እየተማማ ነው የሚቀባባው። እኔ ወጥ ቤት ተቀምጬ በግራ እጄ ቀኙን ቀባሁ። ጣቴን ዘርግቼ እስኪደርቅ ስጠብቅ፣ ስልክ ቢጠራ እንዴት ላነሳው ነው ብዬ አሰብኩ። ደግነቱ የሚደውል የለም! በራሴ ቀልድ ሳቅኩና ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ረስቼ በዚያው እጅ እንባዬን ስጠርግ ጉንጬን አቀላሁት።

በማግስቱ ቅዱስ ወንበር ላይ ትራስ አቆመልኝ። «ልጅ እንደሚይዙ አድርገው ይያዙት» አለ። ልጅ ይዤ አላውቅም ልለው ነበር፣ ተውኩት። ከጎን ዝቅ ብዬ ያዝኩት። ብልጭ አደረገው።

እጄ ስክሪኑን ሞላው። ያ አላህ፣ ሲያስጠላ! ጅማቱ ተገትሯል፤ የልብስ ስፌት መርፌ የበሳው ጣቴ ጠባሳ ነው።

«እናትዎ ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ሃያ ምናምን።»

ማውሱን ይዞ ማደስ ጀመረ። ሽብሽቡ ጠፋ፣ ጅማቱ ሰመጠ፣ ጠባሳው ሄደ። የራሴ እጅ እያየሁት ወጣት ሆነ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ልቤ ድንግጥ አለ።

«በቃ! እዚያ ላይ ተው!»

«ገና ነኝ እኮ፤ እዚህ ጋ ትንሽ ይሻክራል…»

«እናቴ ሳምቡሳ እየጠበሰች የምትሸጥ ሴት ናት፤ ይሻክር! ተው አልኩህ!»

ተወ። የእሷ እጅ መሰለኝ።

ፎቶው ታትሞ ሲወጣ ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ተራ እየጠበቀች ነበር። አንገቷን አስግጋ አየችው። «ውይ ሲያምር! ሕፃኗ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«የያዙዎትስ? እናትዎ ናቸው?»

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ይኼን ሁሉ የለፋሁት «አዎ» ለማለት አይደል? ቅዱስ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ይበሉ፣ አዎ ይበሉ የሚለኝ ይመስላል። ቃሉ ግን አልወጣ አለ።

«እኔው ነኝ» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። «ራስዎን በራስዎ!»

«ታዲያ ሌላ ማን ይያዘኝ ብለሽ ነው?» አልኩና አብሬያት ልስቅ ስል፣ እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ።